ሰባተኛዋ ጨረቃ

አጎቴ ሚቅዳድ ከትህትና ጋር ጠፍቶ መሄዱን ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድሜ የደረስኩበት እኔ ነኝ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ በራሴ ጆሮና በራሴ ጭንቅላት ነው። እንደዚያ ዓይነት ጭንቅላት ይዤ ሂሳብ ላይ ለምን እንደምወድቅ ዛሬም አይገባኝም። ችግሩ አንድ ብቻ ነበር፤ የደረስኩበት ነገር ሁሉ ስህተት ነው።

የጀመረው እትዬ ሳሊሐ ቤት ነው። እትዬ ሳሊሐ ከእኛ በላይ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ሆቴል ውስጥ አልጋ ሲያነጥፉ ወገባቸው የጎበጠ፣ ከወሎ የመጣ ሰው ሁሉ እሳቸውን ሳያማክር ቤት እንኳ የማይቀይር ትልቅ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት ስነቃ ሶፋቸው ላይ ነኝ። እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም። ተኝቼ ሳለሁ አባዬ ተሸክሞኝ መሆን አለበት፤ ካልሲዬ አንዱ እግሬ ላይ ብቻ ነበር።

ኪችኑ በሴቶች ተሞልቷል። ማንም አይስቅም። ሴቶች ተሰብስበው የማይስቁበት ኪችን አይቼ ስለማላውቅ፣ ከሶፋው ሳልነሳ ዓይኔን ጨፍኜ ጆሮዬን ከፈትኩ።

«ሳትወልድ እንዳትሰማ» አሉ እትዬ ሳሊሐ። «አንዲት ቃል እንዳታመልጣችሁ። ስለ ደም ግፊቷ ዶክተሩ ያለውን ሰምታችኋል።»

«ከሰማችማ ሁለቱንም ነው የምናጣው» አለች አንዷ።

«አፍሽን በመልካም ክፈቺ!»

«ያቺ ልጅስ?»

«የቷ ልጅ?»

«ትህትና ናታ። አብራው የምትሠራው።»

«ኧረ ተይኝ! እዚህ የምንይዘው የምንጨብጠው ጠፍቶናል፣ አንቺ የክርስቲያኗን ልጅ ታነሺብኛለሽ?»

በቃ፣ ገባኝ። ትህትናን አውቃታለሁ። ሚቁ ከከተማው ወጣ ብሎ ኤፔክስ የሚባል ቦታ ያለው መጋዘን ውስጥ አብሯት ነው የሚሠራው። (አጎቴ ብዬ ጠርቼው አላውቅም፣ ሚቁ ነው የምለው።) አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሊወስደኝ ሲመጣ የፊት ወንበሬ ላይ እሷ ተቀምጣበታለች፤ አንገቷ ላይ መስቀል፣ ጥፍሯ ቢጫ። «ይቺ ማን ናት?» ስለው «ሰው ናት» አለኝ። ከዚያ ዶናት ገዛልኝ፣ ያውም ሁለት። ሁለት ዶናት የሚገዛ ሰው የሚደብቀው ነገር እንዳለው ማንም ልጅ ያውቃል። እና ይሄው፣ ሚቁ ክርስቲያኗን ይዞ ጠፋ፣ ሴቶቹ አፍረው ያለቅሳሉ፣ እማዬ ከሰማች ደሟ ይፈላል። ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። እንዲያውም ደስ አለኝ። መጨረሻው ሰርግ ነው ብዬ።

እማዬ ያኔ ላስ ቬጋስ አጠገብ፣ ሄንደርሰን፣ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። እርጉዝ ናት። ከእኔ በኋላ ፀንሳ አልቆይላት እያለ ስላስቸገራት፣ ይሄኛው እንዲቆይ ከአልጋ እንዳትነሳ ተፈርዶባታል። መስኮቷ የሚያየው የፓርኪንግ ሕንፃ ግድግዳ ነው። ነርሶቹ እርግዝናዋን በሳምንት ይቆጥራሉ፣ እሷ ግን በጨረቃ ነው። እናቷም እሷን በጨረቃ ቆጥረው ነው የወለዷት። ጨረቃ ሙሉ ሆና ስትወጣ በዓይንሽ ታያታለሽ፣ ሆድሽን ትዳብሻለሽ፣ አንድ ወር አለፈ ማለት ነው። ግድግዳ የሚያይ መስኮት ይዛ ታዲያ ምን ልትቆጥር ነው? ያኔ ነው ሚቁ «አለቃ፣ እኔ እልክልሻለሁ» ያላት። ታላቅ እህቱ ስለሆነች አለቃ ነው የሚላት። ስድስተኛዋን ጨረቃ ሺፍት ከመግባቱ በፊት፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ካለው ተራራ ብቅ ስትል አንስቶ ላከላት።

ያን ቀን አጠገቧ ተጋድሜ ነበር። ፎቶው ላይ ጨረቃዋ የተላጠች ብርቱካን ትመስላለች፣ ተራራው እንደ ተጨማደደ ሐምራዊ ጨርቅ ነው። እማዬ ስልኩን ሆዷ ላይ አስደግፋ «ይሄውልህ፣ አጎትህ የላከልህን እይ» አለችው። ነርሷ ገብታ «ሃያ አምስት ሳምንት! ጎበዝ!» ስትላት እማዬ ወደ እኔ ዞራ «ስድስት ጨረቃ በያት» አለችኝ። ተረጎምኩላት። ነርሷ ሳቀች። እማዬ አልሳቀችም።

«ሰባተኛዋን ካየሁ ይተርፋል» አለች። «እንዴት እንደማውቅ አትጠይቂኝ። ሰባተኛዋን ብቻ ልያት።»

ከእትዬ ሳሊሐ ሶፋ በኋላ ሆስፒታል መሄድ ተከለከልኩ።

«ፍሉ ገብቷል» አለኝ አባዬ። «ልጅ አያስገቡም።»

«አፌን ፈርታችሁ ነው» አልኩት።

አባዬ፣ ነጅሙዲን፣ የሆቴል ሻትል ነው የሚነዳው። ከኤርፖርት ለሚያነሳው ሰው ሁሉ ፈገግ ሲል ስለሚውል ፊቱ ለውሸት አይቸገርም። ያን ጊዜ ግን የጫማዬን ማሰሪያ ሊያስርልኝ ተንበርክኮ ነበር፤ ቀና ብሎ አየኝ።

«አዎ» አለኝ። «አፍሽን ፈርቼ ነው።»

ስድብ መሰለኝና ለሁለት ቀን አኮረፍኩት። እሱ ግን ማኩረፌን እንኳ ያስተዋለ አይመስልም ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን የሚቁን ስልክ ይዞ መጣ። ስክሪኑ የሸረሪት ድር መስሎ ተሰንጥቋል።

«ፓስወርዱን ታውቂዋለሽ አይደል?»

አውቀዋለሁ እንጂ። ጌም የምጫወተው በማን ስልክ ሆነና። «ስልኩን ትቶ ነው እንዴ የሄደው?»

«አዎ» አለ አባዬ። «ትቶት ሄደ።»

«ጅል ነው። ሰው ስልኩን ትቶ ይጠፋል?»

ያ ስልክ የወጣው ከሚቁ መኪና ውስጥ ነው። መኪናው የተገኘው ደግሞ አይ-15 አውራ ጎዳና ላይ፣ አንድ ረጅም የጭነት መኪና ሥር። ከሌሊት ሺፍት ወደ ቤት እየተመለሰ ነበር። እኔ እትዬ ሳሊሐ ሶፋ ላይ አንዱን ካልሲዬን ስፈልግ ወንዶቹ ጀናዛውን ሊያጥቡ ሄደዋል። ይሄን ሁሉ ዛሬ ነው የማውቀው። ያኔ የማውቀው ስንጥቁ ጣት እንደሚቆርጥ ብቻ ስለነበር፣ በጥፍሬ ጫፍ እየነካሁ ከፈትኩት።

የእማዬ ቴክስት ተደርድሯል። የምትጽፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ስለሆነ እኔም ማንበብ እችላለሁ።

«ጉንፋኑ አልተሻለህም እንዴ?»

«ነጅሙ ድምፁ ተዘግቷል አለኝ። ጣትህም ተዘጋ?»

«ጨረቃዬ እየደረሰች ነው። ረስተኸኝ እንዳይሆን።»

አባዬ ስልኩን ተቀበለኝና ለረጅም ጊዜ ጻፈ። ሲጽፍ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። በትከሻው በኩል ተንጠራርቼ አየሁ፤ «ውድ እህቴ ቀመሪያ፣ እንደምን ሰነበትሽ፣ እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ» ይላል።

«አባ! እሱ እንደዚህ አይልም! የድሮ ደብዳቤ ነው እንዴ? ስጠኝ።»

«አማል፣ ቀልድ አይደለም።»

«እሱማ ቀልድ ነው የሚጽፈው!»

ሰጠኝ። እኔም ጻፍኩ፤ «አለቃ፣ የያዘኝ ጉንፋን አይደለም፣ አንበሳ ነው። ጨረቃሽ መንገድ ላይ ናት። አንቺ አልጋሽን ጠብቂ፣ እንዳይሰርቁሽ።» ወዲያው መልስ መጣ፤ «እንኳን ያዘህ! አንበሳው ነው የሚያሳዝነኝ።» ከሥሩ የሚስቅ ፊት በፊት ላይ ደርድራበታለች።

«ይሄውልህ» አልኩት አባዬን። ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። የሳቀ መሰለኝ። ስለዚህ ሌላ ቀልድ ጨመርኩ። ትከሻው ባሰበት። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አስቂኝ ሆኜ አላውቅም ብዬ አሰብኩ።

ቀልዱን እኔ ቻልኩት፣ ጨረቃዋን ግን ማንም አልቻላትም። አባዬ የመስጊዱን ካላንደር አይቶ፣ ልትሞላ ነው ብሎ፣ ከሥራ ሲወጣ እዚያው ሰፈራችን ሴንቴኒያል ሂልስ ካለው ሱፐርማርኬት ፓርኪንግ ውስጥ አቆመን። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ጨረቃዋ የለችም። ተራራው ላይ ዓይናችንን ተክለን ጠበቅን። ጋሪ የሚሰበስበው ሰውዬ ሦስት ጊዜ አለፈን። በመጨረሻ አንገቴን ሲያመኝ ወደ ላይ ቀና ብል እሷ እኮ አናታችን ላይ ናት! ከመብራቱ ምሰሶ በላይ ወጥታ፣ ጠጋ ብላ እያየችን።

«አባ፣ ወጥታለች እኮ። እኛ ነን የዘገየነው።»

አባዬ አነሳት። ፎቶው ላይ ክኒን ታክላለች። ደግሞ አነሳት። አሁን ከመብራቱ ጋር ተምታታች፤ የቱ ጨረቃ፣ የቱ አምፖል እንደሆነ አይለይም። በእግሩ እየተጠጋት አነሳ፤ እስከ ጋሪዎቹ ድረስ ሄዶ አነሳት፣ እንደዚያ የምትቀርብለት ይመስል።

«ከኢንተርኔት አውርደህ ላክላት» አልኩት።

«ተራራውን ታውቀዋለች።»

«ታዲያ የድሮዋን ድጋሚ ላክላት።»

«እሷን በቀን አሥሬ ነው የምታያት፣ አማል!» ጮኸብኝ። አባዬ ጮኾ አያውቅም። ጋሪ የሚሰበስበው ሰውዬ ዞሮ አየን። አባዬ መኪናው ውስጥ ገባና መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። የሚቁ ስልክ ጭኔ ላይ ጥዝዝ አለ። እማዬ ናት፤ «ዛሬም የለም? ግድ የለም። ነገ ነው እንዴ?»

ማታውን እትዬ ሳሊሐ ሶፋ ላይ ተጋድሜ፣ አባዬ በራቸው ላይ ቆሞ «አልቻልኩም፣ እትዬ» ሲል ሰማሁት። «እሱ የት ቆሞ እንዳነሳት እንኳ አላውቅም። የዛሬዋን ብልክላት አትመስላትም፣ ትጠረጥራለች፣ በቃ ልጁም አለቀ።»

«አብሽር» አሉት እትዬ ሳሊሐ። «ያቺን ልጅ ጥራት።»

«የቷን?»

«አንተ ልጅ፣ የሰው አገር ሰው ስታመላልስ የቤትህን ሰው ሳታይ ቀረህ? ትህትናን። ጨረቃ ሊያነሳ ሲሄድ እሷ ናት አብራው የምትሄደው። እኔ መጀመሪያም ልጠራት ይገባኝ ነበር፤ ሰዉ ምን ይለኛል ብዬ ነው።»

ትራሴን በደስታ ነከስኩ። ትህትና ከተጠራች፣ ሚቁ ከኋላዋ ነው።

በማግሥቱ መጣች። ብቻዋን። ግን የለበሰችው የሚቁን ግራጫ ሁዲ ነው! እጅጌው ላይ ያለችውን የቀለም ጠብታ አውቃታለሁ፣ የእኔ ማርከር ናት። የእሱን ልብስ ለብሳ እየዞረች ማንን ልታታልል ነው? ቢጫው ጥፍሯ ተላልጧል። ዓይኗ አብጧል። ተጣልተው ይሆናል አልኩ።

«ጋሽ ነጅሙ፣ አሁን ካልወጣን አንደርስም» አለችው። «ከመሙላቷ በፊት ያለው ቀን ነው የሚሻለው። ፀሐይ ሳትገባ ነው የምትወጣው፣ ተራራውም አብሮ ይታያል ይል ነበር።»

ይል ነበር አለች። ልብ አላልኩትም።

አይ-15 ላይ ወጥተን ወደ ሰሜን ነዳን። የሆነ ቦታ ስንደርስ ትህትና ፊቷን በሁዲው ሸፈነች፣ አባዬም እንደ መቆም ብሎ መንዳቱን ቀጠለ። ፀሐይ ዓይኗን የወጋት መስሎኝ የፊቱን መከለያ ላወርድላት ከኋላ ተንጠራራሁ። እጄን ይዛ አስቀረችኝ፣ ከዚያም እስክንደርስ አልለቀቀችኝም።

ከመጋዘኖቹ አልፈን፣ በኮረኮንች ወርደን፣ አንድ ነጭ ሜዳ ላይ ቆምን። ድሮ ሐይቅ የነበረ ይመስላል፤ መሬቱ እንደ ሰሐን ተሰነጣጥቆ ነጭ ነው፣ ዛፍ የለም፣ ሰው የለም፣ ወደፊት ያ ሐምራዊ ተራራ ብቻ። ብርድ ነበር። ከኋላችን ፀሐይ ልትገባ ነው። እዚህ ነው የሚደበቀው ማለት ነው! ወደ አንዱ የድንጋይ ክምር ሮጬ ዞርኩት። የለም።

«ሚቁ!» ብዬ ጮህኩ። «ውጣ! ነቅተንብሃል! እማዬ አትቆጣም፣ እኔ ነኝ የማስረዳት! ሚቁ!»

አባዬ ከኋላ ደርሶ አፌን በእጁ ያዘኝ። ትህትና መሬት ላይ በጉልበቷ ወድቃለች።

«ይልቀቋት» አለችው። «ጋሽ ነጅሙ፣ ይልቀቋት። ማን ይሰማታል እዚህ? እኔ እኮ ጮኼ አላውቅም። መቃብሩ ላይ እንኳ መኪና ውስጥ ሆኜ፣ መስኮት ዘግቼ ነው ያየሁት።» ከዚያ ወደ ተራራው ዞራ፣ እኔ በጠራሁት ስም፣ ከእኔ በላይ ጮኻ ጠራችው። አንድ ጊዜ ብቻ።

መቃብር ስትል ሰምቻለሁ። የሌላ ሰው መቃብር ነው ብዬ አለፍኩት። ልጅ የማይፈልገውን ነገር ሲሰማ እንዴት እንደሚያልፈው እኔን ጠይቁኝ።

ሚቁ አልወጣም። ጨረቃዋ ወጣች። መጀመሪያ ተራራው ጫፍ ላይ እንደ ጥፍር፣ ከዚያ እንደ ግማሽ ዳቦ። ትህትና ዘላ ተነሳች። ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደረበችና ስልኩን ከላይ አስደገፈችው። «እጅ አይነካትም፣ ትንቀጠቀጣለች» አለች። ጨረቃዋን በጣቷ ነካ አድርጋ ብርሃኗን ወደታች ሳበችው፤ ነጭ ክኒን የነበረችው ጠባሳዋ ሳይቀር ወጣ። «እንደዚህ ነው የሚያደርጋት» አለች። ሦስታችንም ከስልኩ ኋላ ተደርድረን፣ ትንፋሻችንን ይዘን ቆምን። ጠቅ አለ።

የሚቁን ፎቶ ትመስላለች። ኧረ ትበልጣለች! አባዬ ፎቶውን አይቶ «አልሐምዱሊላህ» አለና ስልኩን አቀበለኝ። እኔ ጻፍኩበት፤ «አለቃ፣ ሰባተኛዋ ደርሳለች። ኦቨርታይም አልጠየቀችም።» ላክን።

እማዬ ከፈተችው። መጻፍ ጀመረች፣ ተወች። ጀመረች፣ ተወች። ፀሐይዋ ገባች፣ ነጩ ሜዳ ግራጫ ሆነ፣ እኛ ስልክ ላይ አቀርቅረን እንጠብቃለን።

«ደረሰችኝ» አለች በመጨረሻ። ሌላ ምንም የለም። የሚስቅ ፊት የለም፣ ስድብ የለም። ያን የመሰለ ቀልዴ ባክኖ ቀረ።

ከዚያ ቀን በኋላ ለሚቁ አንድም ቴክስት አልጻፈችለትም። «ተረጋግታለች» አለ አባዬ። «ጨረቃዋን አየች፣ ልቧ ዐረፈ።» እትዬ ሳሊሐም «አላህ ሸፈነልን» አሉ።

ያቺ ፎቶ አሁን እኔ ስልክ ላይ አለች። እኛ ያየነው ጨረቃዋን ብቻ ነበር። ጨረቃ ሊያነሳ የሄደ ሰው ሌላ ምን ያያል? ከታች ግን፣ ነጩ መሬት ላይ፣ ከኋላችን የነበረችው ፀሐይ የዘረጋችው ሦስት ረጅም ጥላ አለ። አንዱ ትከሻው ሰፊ፣ ኮፍያ ያደረገ። አንዷ ፀጉሯ የተበተነ ሴት። መሐል ደግሞ ፀጉሯ ግራና ቀኝ እንደ ሁለት ኳስ የታሰረ ትንሽ ልጅ።

«መጀመሪያ ያየሁት ፀጉርሽን ነው» አለችኝ እማዬ አምና፣ መኪና መንዳት ስታለማምደኝ፣ ድንገት፣ ቀይ መብራት ላይ። «ከዚያ የአባትሽን ኮፍያ። ሚቅዳድ ካለ እነዚህ እዚያ ምን ይሠራሉ አልኩ። ከዚያ በቃ።» ያን ማታ የሆስፒታሉን ትራስ አፏ ውስጥ ከታ ነከሰችው። የደም ግፊቱ ማሽን ጮኸ፣ ነርሶች ሮጡ። «ማልቀስ አልቻልኩም። ካለቀስኩ ልጁ ይሄዳል። ደግሞ ማን ነግሮኝ ነው የማለቅሰው? ሲነግሩኝ ነው የሚለቀሰው፤ ሳይነግሩሽ እንዴት ብለሽ ትጀምሪዋለሽ? ነገ ይነግሩኛል፣ ነገ ይነግሩኛል እያልኩ ግድግዳውን አያለሁ።»

አባዬ በየቀኑ ይሄድ ነበር። በየቀኑ «ሚቅዳድ ሰላም ብሎሻል» ይላታል። እሷም በየቀኑ «ወአለይኩም ሰላም በለው» ትለዋለች። ከዚያ እሱ ወደ ሺፍቱ፣ እሷ ወደ ግድግዳዋ። እሱ አትችለውም ብሎ፣ እሷ ማወቄን ካወቀ ይሰበራል ብላ። እኔ ይሄን ሳስብ ሁለቱንም መምታት ያምረኛል።

ልጁ ስምንተኛዋን ጨረቃ አልጠበቀም። ሙጃሂድ ተባለ። የአባዬን መዳፍ ሞልቶ ትንሽ የሚተርፍ ነገር ነበር፣ መስታወት ሣጥን ውስጥ አስገቡት። (አሁን ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ የእኔን ሲሪያል እየበላ ነው።) እማዬ ያለ እሱ ወደ ቤት መጣች። እኔ አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ ስለ ሚቁ አንድም ቃል አልተነፈስኩም፤ አባዬ አስምሎኛል። እሷም አልጠየቀችኝም። ጎበዝ ሆንኩ ብዬ ኮራሁ።

መርዶ ማለዳ ነው የሚነገረው፣ ሰው ሳይበተን። ላስ ቬጋስ ውስጥ ግን መርዶም ሺፍት ይጠብቃል። አንዱ ማለዳ ላይ ነው ከሥራ የሚወጣው፣ ሌላው ማለዳ ላይ ነው የሚገባው። እትዬ ሳሊሐ እረፍት የሚያገኙት እሑድ ስለሆነ እሑድ ይሁን ተባለ። አባዬ ሳይነጋ ሽማግሌዎቹን ሊያመጣ ወጣ። በሩ እንደተዘጋ እማዬ እኔን ቀሰቀሰችኝ።

«ተነሽ፣ ሶፋውን እንግፋ።»

«እንግዳ ይመጣል?»

«አዎ።»

«ለሙጃሂድ ነው?»

«ፍራሹን አምጪ» አለችኝ።

ሶፋውን በዳሌዋ እየገፋች ወደ ግድግዳው አስጠጋችው፤ በቀዶ ጥገና የተሰፋው ሆዷ ሲያማት ቆም ትልና ደግሞ ትገፋለች። ጠረጴዛውን አወጣን። ቴሌቪዥኑን በአንሶላ ሸፈነችው። ፍራሹን መሬት ላይ ዘረጋን። የልደት ግብዣ ነው አልኩ። ሚቁም ትህትናን ይዞ ይታረቃል። ስለዚህ ክፍሌ ገብቼ ለዒድ የተገዛልኝን፣ ፊት ለፊቱ በሙሉ የሚያብለጨልጨውን ቀሚስ ለበስኩ።

መጀመሪያ የገቡት እትዬ ሳሊሐ ናቸው። በሩ ላይ ቀጥ አሉ። ባዶውን ወለል አዩ፣ ፍራሹን አዩ፣ ጥቁር ሻርፕ አድርጋ ፍራሹ ላይ የተቀመጠችውን እማዬን አዩ። የሚሉትን ሲያጠኑ ከርመዋል።

«ግቡ እንጂ» አለቻቸው እማዬ። «ምነው እንዲህ ቆያችሁብኝ?»

ከዚያ ለቀቀችው። ያ ድምፅ ከየት እንደወጣ አላውቅም፤ የላይኛው ፎቅ ሰዎች በር ከፍተው ሲወጡ ሰማሁ። ሴቶቹ ጫማቸውን ሳያወልቁ ገብተው ያዟት። አባዬ በሩን ተደግፎ ተንሸራተተና ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። እኔ ሳሎን መሐል በሚያብለጨልጭ ቀሚስ ቆሜያለሁ።

መሐል ላይ እማዬ ድንገት ዝም አለች። «ያቺ ልጅ የታለች?» አለች። «ፎቶው ላይ አብራችሁ ያለችው።»

አባዬ ቀና አለ። በፎቶው እንዳወቀች ያኔ ነው የገባው። ከንፈሩ ሲነጣ አየሁት።

«ታች ናት» አሉ እትዬ ሳሊሐ ቀስ ብለው። «መኪና ውስጥ። አልገባም ብላ ነው።»

«አስገቧት። ያለ እሷ አልቀመጥም።»

ትህትና ሁዲውን እንደለበሰች ገባችና በሩ ላይ ተገተረች። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እማዬ አጠገቧ ያለውን ፍራሽ በመዳፏ መታ መታ አደረገች። ማንም ቦታ ሳይለቅ ሲቀር እትዬ ሳሊሐ ወገባቸውን ይዘው ራሳቸው ተነስተው ለቀቁላት። ትህትና ሄዳ እማዬ ጭን ላይ ወደቀች፣ የታመቀው ሁሉ ከአፏ ወጣ።

በሩን አየሁ። ክፍት ነው። ከትህትና ኋላ ማንም አልገባም።

«ሚቁስ?» አልኩ።

ትልልቆቹ ሰዎች አንዱ አንዱን ያያል። ለእማዬ ማን እንደሚነግር፣ ምን ብሎ እንደሚነግር፣ መቼ እንደሚነግር ስንት ጊዜ ተሰብስበው መክረዋል። ለእኔ ማን እንደሚነግር ግን ማንም አላሰበበትም ነበር።

እማዬ በቀሚሴ ጫፍ ይዛ ሳበችኝ። ፊቷ እርጥብ ነው። ጆሮዬ ላይ አፏን አስጠግታ ነገረችኝ።

አላመንኳትም። እዚያ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሲዋሸኝ ከርሟል። ዞር ብዬ አባዬን አየሁት። በሩ ሥር እንደተቀመጠ ነው።

«እውነት ነው?» አልኩት።

ፊቱን አልሸፈነም።

«እውነት ነው» አለኝ።